የሱሉልታን ወፎች በፎቶግራፍ መመዝገብ፦ የኢበርድና የአይናቹራሊስት ግምገማ

ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚነሡ የወፍ ፎቶግራፎች በፌስቡክ፣ በኢንስታግራምና በቴሌግራም ቻናሎች በየዕለቱ ይወጣሉ፤ ብዙዎቹም በትዕግሥት የተነሡና አድናቆት የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ወፏ በየትኛው ሜዳ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሆና እንደታየች የማይናገር ፎቶግራፍ ከአድናቆት ያለፈ ጥቅም ለወፏ ማስገኘቱ ያጠራጥራል። እዚህ የምገመግማቸው ሁለት የኢንተርኔት አገልግሎቶች፣ ማለትም ማኮሌይ ላይብረሪ ከሚባለው የፎቶና የድምፅ ማኅደር ጋር የተያያዘው ኢበርድ እና አይናቹራሊስት፣ ፎቶግራፍን ወደ ማስረጃነት ለማሸጋገር የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱም ክፍያ አይጠይቁም፤ ሁለቱንም በሱሉልታ፣ በገፈርሳና በእንጦጦ ዙሪያ ለሚነሡ ፎቶግራፎች እጠቀምባቸዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ለወፍ ፎቶግራፍ አንሺ ቀዳሚው ምርጫ ኢበርድ ነው፤ ፎቶው የተነሣበትን የጠዋት ምልከታ በሙሉ የሚያስመዘግብ እርሱ ስለሆነ።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሱሉልታ ሜዳ ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን፣ የጎጃም መንገድ የሚያቋርጠው፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት በበጋ ደግሞ ከብት የሚግጥበት የደጋ ሣር ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለወፎች ጠቃሚ ብሎ በመጀመሪያው ዝርዝሩ ከለያቸው 69 የአገሪቱ ቦታዎች መካከል ይገኛል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር የማትገኘውና በእንግሊዝኛ ብሉ ዊንግድ ጉስ የምትባለው ዝይ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ሐብል ያሠረች የምትመስለውና እርሷም የኢትዮጵያ ብቻ የሆነችው አቢሲኒያን ሎንግክሎ፣ ከኤርትራ ጋር የምንጋራት፣ ጅራቷን እየወዘወዘች ከሥሩ ያለውን ነጭ ላባ የምታሳየው ሩዤስ ሬይል፣ እነዚህ ሁሉ በዚህ ዓይነቱ እርጥብ የደጋ ሣር ላይ የሚኖሩ ናቸው። ከመስከረም ጀምሮም የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች ይጨመሩባቸዋል። ሜዳው ግን በመኖሪያ ቤት፣ በፋብሪካና በአጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየተሸነሸነ ነው። በዚህ ፍጥነት በሚለወጥ ቦታ ላይ ማን ምን እንዳየ በጊዜው ካልተመዘገበ፣ በኋላ ምን እንደጠፋ እንኳ ለማወቅ አይቻልም። አገልግሎቶቹን የምመዝነውም በዚሁ መለኪያ ነው።

ኢበርድ እ.ኤ.አ. በ2002 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከልና በናሽናል ኦዱቦን ሶሳይቲ ተጀምሮ በ2010 ለመላው ዓለም የተከፈተ አገልግሎት ነው። የአሠራሩ መሠረት የምልከታ ዝርዝር ሲሆን ፎቶግራፍ በዝርዝሩ ላይ ተያይዞ ይቀመጣል። ተመልካቹ ሜዳው ላይ ደርሶ በስልኩ ያለውን መተግበሪያ ሲያስጀምር ሰዓቱና የሚጓዘው ርቀት መቆጠር ይጀምራሉ፤ በዓይኑ ያየውንና በድምፅ የለየውን ወፍ ከነቁጥሩ ያስገባል፤ ሲጨርስ ደግሞ ሊለያቸው የቻላቸውን ወፎች በሙሉ መዝግቦ እንደሆነ ይጠየቃል። የአገልግሎቱ ዋና ጥበብ ያለው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው። ተመልካቹ «አዎን» ብሎ ከመለሰ በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠቀሰችው ወፍ ተፈልጋ ያልተገኘች ሆና ትቆጠራለች፤ በመሆኑም አለመታየቷ ራሱ መረጃ ይሆናል። በፌስቡክ ላይ የዝይዋ ፎቶ የሚወጣው ስትገኝ ብቻ ነው፤ ሰው ሜዳውን ሲዞር አርፍዶ ባዶውን የተመለሰበት ቀን በየትም አይታይም። ስለዚህ ዝይዋ እየቀነሰች ብትሄድ እንኳ የማኅበራዊ ገጹ ተከታታይ፣ አልፎ አልፎ ፎቶዋ እስከ ወጣ ድረስ፣ እንደ ድሮው ያለች ይመስለዋል። ሙሉ የምልከታ ዝርዝር ይህን የተሳሳተ ሥዕል ያርመዋል።

ይህ አሠራር ከፎቶግራፍ አንሺው የልማድ ለውጥ ይጠይቃል፤ ለውጡም ቀላል አይደለም። ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ዓይኑን በአንዲት ወፍ ላይ ተክሎ ብርሃኑ እስኪስተካከል መጠበቅ የለመደ ነው፤ ኢበርድ ግን በአጠገቡ የሚያልፈውን ቁራ፣ እርግብና ጭላት ሁሉ እንዲቆጥር ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድ ለማይሆንለት ሰው የምመክረው፣ በመጀመሪያ ካሜራውን በትከሻው አንግቶ የተወሰነ ጊዜ ቆጠራውን ብቻ እንዲያካሂድ፣ ዝርዝሩን ከዘጋ በኋላ ደግሞ ለፎቶው እንዲቀመጥ ነው። ቁጥር መስጠት ሲያቅት ወፏ መኖሯን ብቻ የሚያመለክት ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በግምትም ቢሆን ቁጥር የተሻለ ነው፤ አንዲት ዝይና የአርባ ዝይ መንጋ ለጥበቃ የሚሰጡት ትርጉም እጅግ የተለያየ ነውና።

ፎቶግራፎቹን እኔ የማያይዘው እቤት ከተመለስኩ በኋላ በኮምፒዩተር ነው። ፎቶው ከዝርዝሩ ጋር እንደተያያዘ ወደ ማኮሌይ ላይብረሪ ይገባል። ይህ ማኅደር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1929 የተጀመረ የወፍ ድምፅ ቅጂ ሲሆን፣ ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም የኢበርድ ተጠቃሚ ፎቶና ድምፅ እንዲያስገባ ተፈቅዷል። እዚያ የገባ ፎቶ ከነዝርያው፣ ከነቦታውና ከነቀኑ ይፈለጋል፤ የወፏ ዕድሜ፣ ጾታና ታደርገው የነበረው ነገርም አብሮ ሊመዘገብ ይችላል። ጫጩቷን የምትመግብ ወፍ ፎቶ እዚያ ቦታ ላይ መራባቷን ስለሚመሰክር፣ ይህን መስክ መሙላት ጥቂት ደቂቃ ቢወስድም ቸል ሊባል አይገባውም። ተጠቃሚዎች ለፎቶዎች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣሉ፤ ኮከቡ የሚመዝነው የምስሉን ጥራት ነው። ይህንን አጥብቄ የምናገረው፣ ደብዛዛ ፎቶ አለኝ ብለው የሚያፍሩ ብዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ከሩቅ የተነሣችና ዝቅተኛ ኮከብ ያገኘች፣ ነገር ግን ዝርያዋ በግልጽ የምትለይ ወፍ፣ የት እንደተነሣ ከማይታወቅ ባለ አምስት ኮከብ ያማረ ምስል ይልቅ ለሳይንስ ትጠቅማለች።

የመብት ጉዳይ ብዙዎችን ስለሚያሳስብ ግልጽ ላድርገው። የፎቶው የቅጂ መብት ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ማኅደሩ ለምርምር፣ ለትምህርትና ለራሱ ሥራዎች የመጠቀም ፈቃድ ያገኛል። በምስሉ ላይ ስምን ወይም አርማን በትልቁ ማተም የማይበረታታ ሲሆን ምክንያቱም አሳማኝ ነው፤ ጽሑፉ የሚያርፍበት ላባ ብዙ ጊዜ ዝርያን ለመለየት የሚያስፈልገው ክፍል ነው። የፎቶግራፍ አንሺው ስም ለማንኛውም ከምስሉ ጋር አብሮ ይታያል። በማኅደሩ የተከማቹት ምስሎች መርሊን የተባለውን፣ ፎቶ አይቶ የወፏን ዝርያ የሚጠቁም ነጻ መተግበሪያ ለማሠልጠን ያገለግላሉ። ከእኛ አገር በጥንቃቄ የተለዩ ፎቶዎች በበዙ ቁጥር መተግበሪያው የእኛን ወፎች የመለየት አቅሙ ይጠነክራል፤ በዚህም ነገ ሱሉልታ የሚመጣ ጀማሪ ተማሪ ይጠቀማል።

ለአካባቢው ያልተለመደ ዝርያ ወይም ያልተለመደ ቁጥር ሲገባ ሥርዓቱ ያስቆመዋል፤ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ገምጋሚዎችም ማስረጃ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጥርጣሬ ቆጥሮ ይቀየማል። እኔ ግን የአገልግሎቱ ክብር ያለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተገምግሞ ያላለፈ መዝገብ በሕዝብ ካርታው ላይ የማይወጣ መሆኑ ሌሎቹን መዝገቦች ተአማኒ ያደርጋቸዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለጥበቃ ምን ያደርጋል? በካሊፎርኒያ ዘ ኔቸር ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ ተጓዥ ወፎች መቼና የት እንደሚያርፉ ከኢበርድ መዝገቦች በመረዳት፣ የሩዝ ገበሬዎች በእነዚያ ሳምንታት ማሳቸውን በውኃ እንዲሸፍኑ ኪራይ ሲከፍል ቆይቷል። ይህን ያስቻለው ተራ ሰዎች ለዓመታት ያስገቡት ዝርዝር ነው። በእኛ አገር ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፤ አዋጁ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲጠና ያዝዛል። ጥናቱን የሚያዘጋጀው ባለሙያ በሜዳው ላይ ለጥቂት ቀናት ቢገኝ ከዓመት ዓመት የሚመላለሱትን ወፎች ሊያይ አይችልም፤ በግልጽ የተቀመጠና በፎቶ የተደገፈ የዓመታት መዝገብ ካለ ግን «አላገኘንም» ለማለት አይመቸውም። መዝገብ በራሱ ግሬደር አያስቆምም፤ ነገር ግን ለሜዳው የሚከራከር ሰው ባዶ እጁን እንዳይቆም ያደርገዋል። የኢበርድ ምልከታዎችና የአይናቹራሊስት የተረጋገጡ መዝገቦች ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን በሆነው ጂቢአይኤፍ በተባለ ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት በኩልም ለተመራማሪዎች ይደርሳሉ።

አይናቹራሊስት እ.ኤ.አ. በ2008 በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን ከ2023 ወዲህ ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ከወፍ በተጨማሪ ዕፅዋትን፣ ነፍሳትንና ሌሎች እንስሳትን ሁሉ ይቀበላል። አንድ ፎቶ በቂ ነው፤ ቀኑንና ቦታውን ከፎቶው ውስጥ ያነበዋል፣ ዝርያውን ይጠቁማል፣ ከዚያም ሌሎች ተጠቃሚዎች ያርማሉ ወይም ያጸድቃሉ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ለዪዎች በዝርያው ሲስማሙና ቀን፣ ቦታና ምስል ሲሟሉ መዝገቡ ለምርምር ብቁ ይባላል። ወፏን ለማያውቃት ጀማሪ ከኢበርድ ይልቅ ይህ ይቀላል፤ በመንገድ ላይ ድንገት ለታየች ወፍም ተስማሚ ነው። ድካሙ ያልታየውን አለመመዝገቡ ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ፎቶው ላይ «መብቱ በሙሉ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ፈቃድ የመረጠ ሰው መዝገቡ ወደ ዓለም አቀፉ ቋት አይተላለፍም። ለጥበቃ የሚያስብ ሰው የባለቤቱን ስም ጠቅሶ ለንግድ ላልሆነ ጥቅም የሚፈቅደውን አማራጭ እንዲመርጥ እለምናለሁ።

የእኛ አገር ተጠቃሚ ከሌላው ዓለም ይልቅ የሚጠነቀቅበት አንድ ጉዳይ ቀንና ሰዓት ነው። ሁለቱም አገልግሎቶች የሚሠሩት በአውሮፓውያን የቀን አቆጣጠርና እኩለ ሌሊት ላይ በሚጀምረው ሰዓት ነው። ካሜራውን በአገራችን ሰዓት ያስተካከለ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያነሣው ፎቶ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተነሣ ሆኖ ይነበባል፤ የቀን ወፍ በጨለማ የታየች ያስመስላል። ከማስታወሻ ደብተር ወደ ኢበርድ ሲገለበጥም መስከረም 20 ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር 30 ቢሆንም፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት ወደ ኦክቶበር 1 ይሻገራል። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ተጓዥ ወፍ መቼ እንደደረሰች ለሚያጠና ሰው ግን ትንሽ አይደለችም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የያዘው ግን አሮጌ ፎቶግራፎችን የመቀበል ችሎታቸው ነው። ኢበርድም አይናቹራሊስትም ከዓመታት በፊት የተደረገ ምልከታን ይቀበላሉ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ስንት ሰው በሃርድ ዲስኩ ውስጥ የገፈርሳን ዳክዬዎች፣ የአቃቂና የአባ ሳሙኤልን ውኃ አዘል ሜዳዎች፣ አጥር ያልነካውን ሱሉልታ አስቀምጦ ይሆን! አስጎብኚዎች፣ የሠርግ ፎቶ አንሺዎች፣ ለመስክ ትምህርት የወጡ መምህራን፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያዎች ሁሉ ሊኖራቸው ይችላል። ያ ምስል ቀኑ በውስጡ ከተመዘገበና ቦታው ከጀርባው ካለው ተራራ ወይም ከባለቤቱ ትዝታ በእርግጠኝነት ከታወቀ፣ ዛሬ ማንም ዳግመኛ ሊያነሣው የማይችለው ማስረጃ ነው። ቦታው በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን በግምት ማስገባት አይገባም፤ የተሳሳተ መዝገብ ከጎደለ መዝገብ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከጓደኛ በቴሌግራም ለመቀበል የሚፈልግ ሰው በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲላክለት ይጠይቅ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ከመቀነሱም በላይ ቀንና ቦታን የያዘው መረጃ ይወገዳል።

የተለመዱትን ወፎች በተመለከተም አንድ ነገር ማከል እፈልጋለሁ። ሁድድ ቨልቸር የሚባለው ትንሹ ጥንብ አንሳ በቄራዎችና በቆሻሻ መጣያዎች ዙሪያ ስለምናየው ማንም ካሜራ አያነሣበትም። ይህ ወፍ ግን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የቀይ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ምድብ ውስጥ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ለባህላዊ መድኃኒትና ለሥጋ ይታደናል፣ በብዙ ቦታም በመርዝ ያልቃል። በጣራ ላይ ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁት ጥንብ አንሳዎች ተቆጥረው ከነፎቷቸው ቢመዘገቡ፣ ሩቅ ተሂዶ ከተነሣች ብርቅ ወፍ የማያንስ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ጉድለቶቹን አልሸሽግም። የኢበርድ ገጽ በአማርኛ ስለማይገኝ የወፎቹን የእንግሊዝኛ ስም የማያውቅ ሰው፣ ምንም እንኳ ሜዳውን ከማንም በላይ የሚያውቅ እረኛ ወይም ገበሬ ቢሆን፣ ያለ ረዳት ሊጠቀምበት አይችልም። ከዚህ የሚብስ ጉድለት አላየሁም። የኢንተርኔት መቆራረጥ ግን ከተፈራው ያነሰ እንቅፋት ነው፤ የኢትዮጵያን የወፎች ዝርዝር አስቀድሞ በስልክ ላይ ያወረደ ሰው ሜዳ ላይ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ ማታ መላክ ይችላል።

ሌላው ስጋት ቦታን መግለጥ ነው። ኢበርድ በተለይ ለአዳኝና ለረባሽ ተጋልጠዋል ብሎ የለያቸውን ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታ ከሕዝብ ይሰውራል፤ አይናቹራሊስትም የሥጋት ምድብ ላይ ያሉትን፣ በእኛ ኬክሮስ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ክልል ውስጥ ያደበዝዛል፤ ተጠቃሚውም በራሱ ፈቃድ እንዲህ ማድረግ ይችላል። ይህ ሥርዓት ጥሩ ቢሆንም የፎቶግራፍ አንሺውን ኅሊና አይተካም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ በክረምት የምትራባው ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት፤ እርሷን ለማንሣት ሣሩን እየረገጡ ማስነሣት ጎጆዋን ማጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛውም ፎቶ ይህን ያህል ዋጋ የለውም። ለማንኛውም ወፍ ቢሆን የጎጆ ፎቶ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ድረስ ባይለጠፍ ይሻላል። ከቤት ደጃፍ የተነሣን ፎቶ የሚያስገባ ሰውም መኖሪያውን በካርታ ላይ እንደሚያሳይ አስቦ፣ በአቅራቢያው ያለውን የጋራ የምልከታ ቦታ ቢመርጥ መልካም ነው። እንደ ገፈርሳ ባሉ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ዘንድ ደግሞ ካሜራ ከመውጣቱ በፊት የጥበቃ ሠራተኞቹን በአክብሮት ማነጋገር፣ የሚነሣውን ወፍ በስክሪኑ ላይ ማሳየት፣ ግድቡንና መሣሪያዎቹን ከምስሉ ውጭ ማድረግ ይገባል።

ለመጀመር ለወሰነ ሰው የመጨረሻው ምክሬ የቦታ ምርጫን ይመለከታል። ኢበርድ ለእያንዳንዱ የምልከታ ቦታ ዓመቱን በየወሩ አራት አራት አድርጎ ከፍሎ፣ የትኛዋ ወፍ በየትኛው ሳምንት እንደምትታይ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ በቂ ዝርዝር ያልገባባቸውን ሳምንታትም ለይቶ ያመለክታል። ቱሪስትም ሆነ አስጎብኚ የሚመጣው በአብዛኛው በበጋ ስለሆነ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሜዳው ጭቃ ሲሆን የሚመዘግበው በቅርብ የሚኖር ሰው ካልሆነ ሌላ የለም። በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በአቃቂ የሚኖር ባለካሜራ የአካባቢውን ሠንጠረዥ ይክፈትና ባዶ የሆኑትን ሳምንታት ይመልከት፤ ቦት ጫማውን ተጫምቶ መውጣት ያለበት በእነዚያ ሳምንታት ነው።